ሥጋም አደራ ነው
(በአርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ላይ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር)



ንግግሬን ከጎንደር ነገሥታት በአንዱ ልጀምር። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠራው ታላቁ ኢያሱ የቆዳ ሕመም ጸንቶበት ነበር። ሐኪም እንዲፈለግለት መልእክተኛ ወደ ካይሮ ላከ። መልእክተኛው ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አግኝቶ በስናር በኩል በረሃውን አቋርጠው ሲመጡ መንገዱ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ጎንደር የገቡት በሐምሌ 1691 ዓ.ም. ነው። ፖንሴ ንጉሡን አከመ፤ ወራት ተቀምጦም ተመለሰ፤ ያየውንም ጽፎ ትቶልናል።

ያን ጊዜ ጎንደር ጠበል አልጎደላትም። ጳጳሱም፣ እጨጌውም፣ ሊቃውንቱም ነበሩ። ንጉሡም ታቦት የሚያከብር፣ ቤተ መቅደስ የሚያንጽ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ ሐኪም ማስጠራቱን ከእምነቱ ጋር የሚጣላ አድርጎ አላየውም። ዛሬ ሐኪሙ የዓመት መንገድ አይርቀንም፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከዚህ ተነሥቶ ጎንደር ለመድረስ በመኪና ግማሽ ቀን አይሞላም። ነገር ግን «ጠበል ጀምሬአለሁ፤ አሁን ሐኪም ቤት ብሄድ እምነቴን ማጉደል ነው» እያለ በሽታው ሥር እስኪሰድ ቤቱ የሚተኛ ምእመን ዛሬም አለ። ለእሱና እሱን ለሚያስታምሙት የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጤናን መጠበቅ የክርስትናችን ክፍል ነው፤ ሕክምናን በእምነት ስም ማዘግየት ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ያስተማረችን አይደለም።

ማስረጃውን ሩቅ ሄደን አንፈልገውም። መጽሐፈ ሲራክ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠር ነው። ምዕራፍ 38ን ዛሬ ማታ ማንበብ የሚችል ልጅ ያንብብላችሁ። ሐኪሙን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን፣ መድኃኒቱንም ከምድር ያበቀለው እሱ መሆኑን፣ አስተዋይ ሰውም ይህን እንደማይንቅ ያስተምራል። ለታመመ ሰውም ሥርዓት ያወጣል፤ ይጸልያል፣ ንስሐ ይገባል፣ መባውን ያቀርባል፣ ከዚያም ሐኪሙን ይጠራል። ሐኪሙ ራሱ ሲያክም እንዲቃናለት ወደ እግዚአብሔር እንደሚለምን ሳይቀር ተጽፏል። እንግዲህ በዚያ መጽሐፍ ጸሎትና ሕክምና የሚሻሙበት ቦታ የለም፤ አንዱ ሌላውን ይከተላል።

ሕዝቅያስን ደግሞ አስቡት። ሊሞት ተቃርቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየም። ጸሎቱ ተሰማ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ይህ ከተነገረ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ ምን አዘዘ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት። ተአምሩ ቃል ተገብቶ ሳለ መድኃኒቱ ቀረበ። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ምንባብ ይህ ነው፤ «እግዚአብሔር ያድነኛል» ያለ ሰው መድኃኒቱን መቀበሉ እምነቱን እንደማያሳንሰው ያሳያል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቅዱስ ጳውሎስም ሆዱን ለሚያመው ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። የእኛም ሊቃውንት ቢሆኑ ሥሩንና ቅጠሉን እየለዩ መጽሐፈ መድኃኒት ጽፈው አቆይተውናል።

ይህ ክርክር በቅርብ ዘመንም ብዙዎችን አስጨንቋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር እንጦጦ ማርያምና ሌሎች ጠበሎች ላይ መድኃኒታቸውን እየተዉ የሚጠመቁ ሕሙማን ነበሩ። የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በአደባባይ ወጥተው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ እንደማይጋጩና አብረው መወሰድ እንደሚችሉ አስተማሩ። በዚያ ቃል ምክንያት መድኃኒቱን ያልጣለ ስንት ሰው ዛሬ ልጆቹን እያሳደገ ይሆን! የአባት ቃል ሕይወት ያተርፋል የምለው ይህን ይዤ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ልምጣ። የአርማጭሆን ሰው ጤና ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ከዚህ ወደ ሳንጃ፣ ከሳንጃም ወደ አብርሃጅራና አብደራፊ የሚወርደው መንገድ ነው። የደጋው ወጣት በየዓመቱ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ይወርዳል። ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ማታ ከግራር ሥር ወይም በተሰነጣጠቀው መረሬ አፈር ላይ ይተኛል። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረውም እዚያው ነው፤ በመሬቱ ስንጥቅ፣ በኩይሳው፣ በግራሩ ሥር። ከትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅም የላትም። ልጁ ብሩን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ በሽታውንም በደሙ ይዞ ይመጣል፤ ምልክቱ ግን ወራት ቆይቶ ሊታይ ይችላል።

ከዚያ ትኩሳቱ ይጀምራል። ሄድ መለስ ይላል። ቤተሰቡ ወባ ነው ይላል፤ ሰውነቱ ሲከሳ፣ ሆዱ በግራ በኩል ሲያብጥ ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው፣ መተት ነው ይባላል። በሆዱ ውስጥ ያበጠው ጣፊያው ነው። ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ ከታከመ ግን ይድናል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት የሕክምናው መድረስና አለመድረስ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከዚያ በፊት ካላዛር በማይታወቅበት ደጋ፣ ድንገት ሰው ይሞት ጀመር። መጀመሪያ የመሰለው መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነበር። ካላዛር መሆኑ እስኪለይ ብዙ ነፍስ ጠፋ። ከቆላ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረም ታመነበት።

ስለዚህ ልጁ ቆላ ወርዶ ከተመለሰ፣ ትኩሳቱም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ጤና ጣቢያ ሲቀርብ የመጀመሪያው ቃሉ «ቆላ ነበርሁ» ይሁን። በጣት ጫፍ ደም የሚሠራ ምርመራ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይህን በሽታ ለይቶ የሚያክምና የሚመራመርበት ማእከል አለው። ጠበሉን አይተው፤ ሕክምናውንም አያዘግይ። እናቱም አጎበር ሸክፋ ትሸኘው። መስቀል አንገቱ ላይ አስራ የምትልከው እናት አጎበሩን ብትጨምርለት በእምነቷ ላይ የጎደለ ነገር የለም።

ጠበልን ካነሣን አይቀር በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ውስጥ የሆነውን ላንሣ። በርመል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ፈውስ ፍለጋ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ኮሌራ ገባ። ከጸበልተኛው ወደ እርሻ ሠራተኛው፣ ከዚያም ወደ ሌላው ወረዳ ተዛመተ። እኔ ጠበሉ በሽታ አመጣ አልልም፤ እንዲያ የሚል ካለ ነገሩን አልተረዳውም። ኮሌራ የሚተላለፈው ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ሰው አፍ ነው። ሺህ ሰው በአንድ ሸለቆ ሲሰፍር፣ መጸዳጃ ሳይኖረው፣ በዝናብ ወራት፣ የሚጠጣውም ውኃ ከዚያው ቁልቁል ከሚወርደው ሲቀዳ፣ ቦታው ገበያም ይሁን የጦር ሰፈር የሚሆነው ይኸው ነው። የተቀደሰ ቦታ መሆኑ ግን የእኛን ኃላፊነት ያከብደዋል።

ያከብደዋል ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ሙሴ ለሠራዊቱ ያወጣውን ሕግ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ሰው ከትጥቁ ጋር መቆፈሪያ እንዲይዝ፣ ከሰፈሩ ውጪ ወጥቶ እንዲቀመጥ፣ ቆፍሮም እንዲቀብር ታዘዘ። ምክንያቱም ተጽፏል፤ እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ስለሚመላለስ ሰፈሩ የተቀደሰ ይሁን ነው የሚለው። ልብ በሉ፣ ስለ ጀርም ማንም ባልሰማበት ዘመን ነው። ጫማችንን ሳናወልቅ ወደ መቅደስ የማንገባ ሕዝብ ነን፤ የጠበሉን አፋፍ ግን በዓይነ ምድር ከብበነዋል። የሰበካ ጉባኤያችን ለጉልላቱ ቆርቆሮ ገንዘብ ሲሰበስብ ለጸበልተኛው ጉድጓድ ሽንት ቤትና ለእጅ መታጠቢያ በርሜል ጨምሮ ቢሰበስብ የሙሴን ሕግ ፈጸመ ማለት ነው። የሚጠጣው ውኃ ከሚጠመቁበት ይለይ። ተቅማጥና ትውከት የጀመረው ሰው ካለ በመስቀል እየዳሰሱ ማቆየት አይገባም፤ ውኃ በጨውና በስኳር በጥብጠው እያጠጡ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ኮሌራ ሰውነትን አድርቆ የሚገድለው በሰዓታት ውስጥ ነው።

በሽታን አስቀድሞ የመከላከልን ትምህርት ጎንደር ከሌላው ኢትዮጵያ ቀድማ ታውቀዋለች። በ1946 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው ጨረሰ። በዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጦ በሽተኛ የሚጠብቅ ባለሙያ ብቻ አልነበረም የሚያሠለጥነው፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ሦስቱን በአንድ ቡድን እያደረገ ቆላ ድባን ወደመሳሰሉ ቦታዎች አወረደ። ምንጭ ማጎልበት፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር፣ እናቶችን ማዋለድ ሥራቸው ነበር። ዛሬ በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የዚያ ሐሳብ ልጅ ናት። በርህን ስታንኳኳ «ሥራ ፈትታ ነው» አትበል። ሙሴ መቆፈሪያ ያዙ ያለውን ነው እሷም የምትልህ።

ስለ እግር ደግሞ ጥቂት ልበል። በደጋና ወይና ደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ዕድሜውን የሚያርስ ሰው እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። «የዝሆን እግር» እንለዋለን። በአገራችን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ ሕመም አለበት። ርግማን ነው፣ በዘር የመጣ መቅሠፍት ነው እየተባለ ልጃቸውን የሚያገባ ሲጠፋ፣ በማኅበሩ ጽዋ ሲገለሉ ኖረዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው ምክንያቱን ከአፈሩ ያገኘው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ደቃቅ አፈር በቆዳ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ መመለሻ ሥር ይዘጋል። አይተላለፍም። ጫማ የሚያደርግ ልጅ አይዘውም። የያዘውም ሰው ቢሆን እግሩን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ቢያጥብ፣ ቅባት ቢቀባ፣ ቢጠቀልልና ጫማ ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ወደ ሥራውም ይመለሳል።

በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር እናደርጋለን። ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመኑን እግር ያጥባል፤ ጌታ ያደረገውን ነው የሚያደርገው። ያን ቀን ካህኑ ፊት የሚቀመጠው ማነው? እግሩ ያበጠው ሰው ከኋላ ተደብቆ ከቆመ ሥርዓቱን ፈጽመን ትርጉሙን ትተነዋል ብዬ እፈራለሁ። አባቶቼ፣ በሚመጣው ጸሎተ ሐሙስ ያን ሰው አስቀድማችሁ ጥሩት። ሕዝቡ ፊት እግሩን ካጠባችሁለት ርግማን ነው የሚለው ወሬ ከዚያ ቀን በኋላ አያድርም። ሰንበት ተማሪዎችም በሌላው ሳምንት ቤቱ ሄደው ሳሙናና ጫማ ይስጡት።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን፣ የጾምን ነገር ላንሣ። ጾም ውበታችን ነው። በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ እንጾማለን፤ ካህናትና መነኮሳት ከዚያም ይበልጣሉ። ሽሮው፣ ተልባው፣ ሱፉ፣ ጎመኑ ለጤናማ ሰው የሚጠቅም ማዕድ ነው፤ ጾምን በጤና ስም የሚያጣጥል ሰው ከእኔ ድጋፍ አያገኝም። ነገር ግን ጾሙን ያዘዙት የሐዋርያት ቀኖናዎች ራሳቸው የሥጋ ድካም ያለበትን ለይተውታል። ታምሞ የሚያፈርስ ቀኖና አፍራሽ አይባልም። ይህን ካህናቱ ያውቁታል፤ ነፍሰ ጡሯና በሽተኛው ግን ሳይጠይቁ ይጾማሉ። እመጫት ልጇን እያጠባች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትውላለች፤ ጡቷ ሲደርቅ «የጾም ነገር ነው» ትላለች።

የስኳር ሕመምተኛው ነገር የባሰ ነው። ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው ብለን የምናምን ብዙ ነን። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ጎንደር ላይ ለዓመታት ባደረጉት ሕክምናና ጥናት የታየው ከዚህ የተለየ ነው፤ ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ ቀጭን፣ ድኻ፣ በልጅነታቸው ምግብ ያነሳቸው ገበሬዎች ሆነው ተገኙ። ያለ ኢንሱሊን መርፌ መኖር የማይችሉ ናቸው። መርፌ ወግቶ ምግብ የቀረበት ሰው ስኳሩ ወርዶ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያልበዋል፣ ራሱን ይስታል፤ ጾሙን ብሎ መርፌውን ያቆመ ደግሞ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ራሱን የሳተውን ሰው ጋኔን ያዘው ብለው ሲሯሯጡ ጊዜው ያልፋል። እነዚህን ሰዎች በየጊዜው ከሩቅ ቀበሌ ጎንደር ማመላለስ እንደማይቻል አይተው ባለሙያዎቹ ክትትሉን ወደ ጤና ጣቢያዎች አወረዱት፤ ነርሶችን አሠልጥነው መድኃኒቱ ለገበሬው እንዲቀርበው አደረጉ። ሕክምናው ወደ እኛ ወርዷል። የቀረው ከነፍስ አባቱ የሚሰማው ቃል ነው። «ልጄ፣ መርፌህን ውጋ፣ በሰዓቱም ብላ፤ ጾምህን በምጽዋትና በጸሎት ትፈጽማለህ» የሚል ቃል። ይህን ሐኪሙ ቢነግረው ይጠራጠራል። ነፍስ አባቱ ቢነግረው ይቀበላል።

ስለ አረቄ ብዙ አልናገርም፤ የምታውቁት ነው። ጽዋው በቅዱሳን ስም የሚጠጣ ነውና ከማኅበሩ የሚወጣ ሰው ቤቱ ደርሶ ሚስቱን እንዳይመታ፣ ጉበቱም እንዳያልቅ ልኩን የሚያበጁት «ሙሴ» የምንላቸው የማኅበሩ መሪ ናቸው። አእምሮው የታወከውንም ሰው በሰንሰለት አስሮ ጠበል ቦታ መተው ይብቃ። ለዚህም ሐኪም አለ፣ መድኃኒትም አለ፤ እየተጠመቀ መውሰድ ይችላል።

በወንጌል አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው መጡ። ሕዝቡ በሩን ቢዘጋባቸው ጣራውን ነድለው አወረዱት። ጌታም የእነሱን እምነት አየ ይላል። የበሽተኛውን ብቻ አላለም። ይህን ከእኛ ቃሬዛ የበለጠ ማን ይረዳዋል? የአርማጭሆ ሰው ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አንሥቶ ሌሊት ገደል የሚወጣ ሕዝብ ነው። ለተሸካሚው የሚከፈለው የለም፤ እምነቱን በትከሻው ነው የሚያሳየው። ቅዱስ ባስልዮስም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ቅዳሴውን የምንቀድሰው ያ አባት በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከተማ ዳር ለበሽተኞችና ለድኾች ማደሪያና መታከሚያ አሠርቶ፣ የተገለሉትን ለምጻሞች ራሱ እየሳመ ተቀብሏቸዋል።

ዛሬ ቃሬዛው ሌላ መልክም አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈል መዋጮ ነው። እህል በገባ ጊዜ የከፈለ ቤተሰብ ክረምት ላይ ሲታመም በሬውን አይሸጥም። መዋጮው ያጠረውን ጎረቤት የሚያየው ደግሞ ዕድሩና ሰንበቴው ነው። ለቀብር ድንኳንና ንፍሮ የምናዋጣ ሰዎች ሰውየው በሕይወት ሳለ ለመታከሚያው ማዋጣት እንችላለን። እያንዳንዱ ዕድር ከዚህ ጥር ጀምሮ መዋጮ ያቃታቸውን አባሎች ስም ይዞ ይክፈልላቸው ብዬ እለምናለሁ።

አባቶች ካህናት፣ ከእናንተ የምለምነው ሦስት ጥያቄ ነው። የንስሐ ልጃችሁን ስትጎበኙ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ፣ ሳታቋርጥ ትወስዳለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት፤ ነፍሰ ጡሯንም ለምርመራ ሄደሻል ወይ በሏት። ከእናንተ አፍ ከወጣ ይፈጸማል።

እናንተም ወገኖቼ፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ሳሉ አልለቅ ያለው፣ ወይም መድኃኒቱን በጾም ወይም በጠበል ምክንያት ያቆመ ሰው ካለ ነገ ጠዋት ጸሎቱን አድርሳችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ውጡ። መሄድ ካልቻለ ቃሬዛውን አንሡ።